ልጇ በስልክ ያስተማረቻት ካራቴ

ሰው ካራቴ ለምን እንደሚጀምር ከዚያ ዓመት በፊት ጠይቄ አላውቅም። ቢጠይቁኝም «ለመደባደብ ነዋ» ብዬ ወደ መጽሐፌ እመለስ ነበር። ጥያቄው ቀላል አለመሆኑን የተረዳሁት ኮሮና በር ዘግቶብን፣ ዱባይ አል ሙራቃባት ውስጥ አራት ሴቶች በአንድ ክፍል በከረምንበት ጊዜ ነው።

ክፍል ስል አፌን ሞልቼ አይደለም። እዚህ አገር ቤት ያልቻለ ክፍል ይከራያል፤ ክፍል ያልቻለ አልጋ ይከራያል። ቤድ ስፔስ ይሉታል። ሁለት ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ በአልጋዎቹ መካከል አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚቆምበት ወለል፤ በቃ። ከእኔ በላይ የምትተኛው አዲስ አበባ ያደገች የሆቴል ጥበቃ ነበረች፤ ሆቴሉ እንግዳ ሲያጣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሰጥቷታል። ከማዶ ላይኛው አልጋ ላይ ናይፍ በሚባል ሠፈር በሴቶች የውበት ሳሎን የምትሠራ የደሴ ልጅ አለች፤ የሁላችንም ታናሽ፣ ምላሷ ከመቀሷ የሚፈጥን። ከእሷ በታች ደግሞ መጨረሻ የመጣችው የደብረ ማርቆሷ ሴት። ሻርጃ ውስጥ በአንድ ቤት ዘጠኝ ዓመት የሰው ልጆች አሳድጋለች። ቤተሰቡ ወረርሽኙን ሸሽቶ ወደ አገሩ ሲገባ ቤቱ ተዘጋ፤ እሷም ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ እኛ መጣች። እኔ ሻርጃ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ረዳት ነበርኩ። ልጆቹ በየቤታቸው በኮምፒውተር ሲማሩ መጽሐፍ የሚዋስ ስለጠፋ እኔም ቤት ዋልኩ።

የምጽፈው ስለ ደብረ ማርቆሷ ነው።

ባሕር ዳር፣ እህቷ ዘንድ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለቻት። ትታት የመጣችው በሁለት ዓመቷ ነው። ሻርጃ ሳለች ማዳም ስልክ የምትፈቅድላት አርብ አርብ ብቻ፣ ያውም ሥራ ካለቀ ነበርና፣ ልጇ ስታድግ ያየችው በቁርጥራጭ ነው። እኛ ዘንድ ስትመጣ ግን ጊዜ ሞላላት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ በቪዲዮ ትደውላለች። የስልኩን ድምፅ መቀነስ አታውቅበትም፤ እኛም የምንሄድበት የለንም። ስለዚህ ሁሉንም እንሰማለን።

እህቷ ታነሣለች። «ነይ እንጂ አንቺ! እናትሽ ናት!»

ከሩቅ የልጅ ድምፅ፤ «ደህና ነኝ በያቸው።»

«ነይና ራስሽ ንገሪያት!»

ከዚያ ስልኩ ላይ ግማሽ ግንባርና አንድ ጆሮ ይመጣል።

«ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ የእኔ እመቤት። በላሽ?»

«አዎ።»

«ትምህርትሽስ?»

«ተዘግቷል።»

«አዎ ለካ… ደህና ነሽ ግን?»

«ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እማዬን ላቅርብልዎት?»

እማዬ የምትላት አክስቷን ነው።

ቃል ላይ ችኮ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ስለሆነ ይሆናል፣ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ቃል እኔን ይጎረብጠኛል። አንቱታ ክብር ነው እንላለን። ነገር ግን «ነዎት» ለቄስ ነው፤ ለሠፈር ሽማግሌ ነው፤ ከሩቅ አገር ለመጣ እንግዳ ነው። እናትን አንቺ ይሏታል፤ ይነዘንዟታል፤ ያኮርፏታል። ያቺ ልጅ በአንቱታ አጥር ሠርታ እናቷን ከውጭ አቁማታለች፤ በጨዋ ደንብ፣ ሰው የማይነቅፈው አጥር። እናቲቱም ይህን ከእኔ በፊት ታውቃለች። አንድ ቀን ስልኩ ሲዘጋ «እህቴ በሥርዓት ነው ያሳደገችልኝ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጅቷ ስልኩ ላይ እንድትቆይላት።

ካራቴውን ወደ ክፍላችን ያመጣችው ጥበቃዋ ናት። ለመውጣት ፈቃድ በሚያስፈልግበት በዚያ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት «ሰውነቴ ዛገ!» ብላ ከአልጋዋ ወረደችና በአልጋዎቹ መካከል ቆመች። ከተማሪነቷ ጀምሮ ተምራ ቡናማ ቀበቶ ደርሳለች፤ እኛ ግን አናውቅም ነበር። ቡጢዋ አየር ሲመታ ይሰማል። እግሯ ከመሬት ሲነሣ የደሴዋ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገባች።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ይህን እግርሽን በአፍንጫዬ በኩል አታሳልፊብኝ!»

የደብረ ማርቆሷ ግን ከተጋደመችበት ቀና አለች።

«ይህ ነገር ካራቴ ነው?»

«ምን መስሎሽ ነበር? እስክስታ?»

«ልጄ ትማራለች። እዚያ ወጣት ማዕከል። ቢጫ ቀበቶ አላት አለችኝ እህቴ።» እግሯን ከአልጋው አወረደች። «አስተምሪኝ።»

የደሴዋ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሳቀች። «ማዳምን ልትመቺልን ነው? አምልጣሻለች እኮ፤ ኸላስ! ወይስ ለቦርጩ ነው?»

ጥበቃዋ ግን አልሳቀችም። ላቧን በእጇ ጠርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። «እኔ የጀመርኩት ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ የሚጠብቀኝ ጎረምሳ ስለነበረ ነው። አንቺንስ ማን ነክቶሽ ነው? ንገሪኝ።»

«ማንም አልነካኝም።»

«ታዲያ በዚህ ዕድሜሽ?»

«የምጠይቃት አለቀብኝ» አለች። «‹በላሽ? ተማርሽ? ደህና ነሽ?› ከዚህ ሌላ ልጄን የምጠይቃት የለኝም። እሷ የምትወደውን ነገር ባውቅ ግን ሌላ ጥያቄ ይኖረኛል።»

የደሴዋ ሳቋን አቋረጠች። እኔም መጽሐፌን ከድኜ አየኋት። ከዚያ ወዲህ ካራቴ የጀመሩ ሰዎች ሳገኝ ለምን እንደጀመሩ እጠይቃለሁ። ለጤና ይሉኛል፤ ለዲሲፕሊን ይሉኛል፤ ፊልም አይቼ ይሉኛል። እንደዚያች ሴት ቀጥ ያለ መልስ የሰጠኝ የለም።

የመጀመሪያው ትምህርት የጀመረው በሕማማት ሳምንት ነው፤ ከመጀመሩም ሊያበቃ ምንም አልቀረው። ጥበቃዋ ፊት ለፊቷ ቆማ፣ እጆቿን ከጭኗ አጣብቃ፣ ጎንበስ አለች። «እንዲህ ተሳልመን ነው የምንጀምረው።»

የደብረ ማርቆሷ ንቅንቅ አላለችም። «ለሰው አልሰግድም።»

«ስግደት አይደለም እኮ!»

«ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት ምን ሊባል ነው? ያውም በሕማማት!»

ጥበቃዋ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የቃል ጣጣ ሲመጣ ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚዞረው። «ስግደት አይደለም» አልኩ። «ድሮ ሰው ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። ለአምላክ ይሰገዳል፤ ለሰው እጅ ይነሣል። ይህ እጅ መንሣት ነው።»

አሰበችበት። «እጅ መንሣትስ ያባት ነው» አለችና ጎንበስ አለች።

«ጉድ ነው!» አለች የደሴዋ ከላይ። «ገና ከመጀመሪያው እጅ ከነሣሻት በኋላ በምን ልትመታሽ ነው?»

ቆጠራውም እንዲሁ ነበር። ካራቴ የሚቆጠረው በጃፓን ቋንቋ ነው። ጥበቃዋ «ኢች! ኒ! ሳን! ሺ!» ስትል የደብረ ማርቆሷ ቡጢዋን አየር ላይ አቆመች።

«ከሦስት ቀጥሎ ሺ?»

«አራት ማለት ነው፤ በእነሱ ሺ።»

«ወገቤን!» አለች የደሴዋ። «እነዚህ ሰዎች ሲቸኩሉ!»

ሳቃችን ሳያባራ ግን አንድ ነገር አየን። «የፈረስ አቋቋም» የሚሉት አለ። እግርን ከፍቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ በሌለ ፈረስ ላይ እንደተቀመጡ መቆየት። የደሴዋ ለጨዋታ ብላ አብራ ገብታ ቶሎ ወደቀች። ጥበቃዋ ራሷ ላብ አወጣት። የደብረ ማርቆሷ ግን ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል፣ እንደ ተተከለ ምሰሶ ቆየች።

«አንቺ ሴት፣ እውነቱን ተናገሪ» አለቻት ጥበቃዋ። «የት ነው የተማርሽው?»

«ጉልበቴን ነው? በስግደት ነዋ። ሕማማት አይደል?»

እንዲህ ሲሰነባብት፣ ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ቀን፣ ደወለች። እንደተለመደው ግማሽ ግንባርና አንድ ጆሮ መጣ።

«ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ቡጢ ስሰነዝር ትከሻዬ አብሮ ይሄድብኛል። ምን ላድርግ?»

ከዚያ ጆሮው ሄደና ሁለት ዓይኖች መጡ። ሙሉ ፊቷን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የእናቷ ግንባር፣ የእናቷ አገጭ።

«እርስዎ… ካራቴ ይሠራሉ?»

«ጀማሪ ነኝ።»

«ይሥሩና ልይ።»

እኔ ስልኩን ያዝኩላት። ሠራች። ልጅቷ አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግታ አየች። «ትከሻዎ ሳይሆን ወገብዎ ነው የሚዞረው» አለች። «ትከሻዎን ዝቅ ያድርጉ። አዎ። አይ፣ እንደገና ይሞክሩ።» አክስቷ ከኋላ «ምሳ ቀረበ!» ስትል «ቆይ እማዬ!» አለቻት። ቆይ አለቻት! እናቲቱ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆመች።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ራሷ አስተማሪ ሆነች። ካታ የሚባል አለ፤ ቡጢውም መከላከሉም እርምጃውም እንደ ዜማ በቅደም ተከተል የተሰካበት ነው። የመጀመሪያውን ካታ እኔ አስተምራለሁ አለች። ስልኩን እዚያ መስኮት ላይ አስደግፋ ፊት ለፊት ቆማ ታሳያለች፤ እናቷ በአልጋዎቹ መካከል ትከተላለች። አንቱታውን የሰበረውም ይህ ካታ ነው። ካራቴ ችኩል ነገር ነው፤ «እግርዎን ወደ ኋላ ይሳቡ» ተብሎ እስኪያልቅ እግሩ አልፎታል። መጀመሪያ ላይ «ይዙሩ! እጅዎን ያንሡ!» ትል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ትንፋሿ አጠረ። «ይዙ… ዙሩ… ዙሪ! እጅሽን! እጅሽን አንሺ! አትተኚ!»

አለቀ። እናቲቱ ዞረች፣ እጇን አነሣች፣ አልተኛችም። ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ በላብ ወርዝቶ፣ ዓይኗ በርቶ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«‹አትተኚ› አለችኝ እኮ!»

«እሰይ!» አለች የደሴዋ። «ስድብ የናፈቀው ሰው ዛሬ አየሁ። እኔ ዘንድ ነይ እንጂ፣ በነፃ!» ይህን ብላ ግን ከአልጋዋ ወርዳ አቅፋ ሳመቻት፤ መራራቅ የሚባለውን ሁሉ ረስታ።

ካታው እያለቀ ሲሄድ ጥበቃዋ አንድ ቀን ቆማ አየችውና ግንባሯን ቋጠረች። «ቆይ፣ ቆይ። ግራኝ ነሽ እንዴ? ሁሉንም በግራ ነው እኮ የምትሠሪው!» ወዲያው ገባን። ልጅቷ ፊት ለፊት ቆማ በቀኝ ስትመታ እናቷ እንደ መስተዋት በትይዩዋ እጅ ትመታለች፤ ያም ግራዋ ነው። ልጅቷ ወደ ግራ ስትዞር እናቷ ወደ ቀኝ። ካታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገልብጣ ተምራዋለች።

ጥበቃዋ ጊዜ ወስዳ አቃናችላት። በማግስቱ ደወለችና፣ ኩራት እየተሰማት፣ በትክክለኛው በኩል ጀመረች።

«ተሳሳትሽ!» አለች ልጅቷ። «በዚያኛው እጅ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

እናቲቱ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። «እሺ፤ ይቅርታ» አለችና በግራ ጀመረች።

ስልኩ እስኪዘጋ ጥበቃዋ እንደምንም ታገሠች። «ለምን አልነገርሻትም? ትክክሏ አንቺ ነሽ!»

«አሥራ አንድ ዓመቷ ነው» አለች። «በሕይወቷ ያስተማረችው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ገና በመጀመሪያ ተማሪዋ ፊት ላሳፍራት?»

«ካራቴ በማስመሰል አይሆንም! አስተማሪሽ እኔ ነኝ ወይስ እሷ?»

«ሁለታችሁም። ለአንቺ በቀኝ እሠራለሁ፤ ለእሷ በግራ። ሁለቱንም እማረዋለሁ።»

ተማረችውም። ብዙ ጎበዝ ተማሪ አይቻለሁ፤ መጽሐፍ መደርደሪያ መካከል ያደጉ፣ አራት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች አይቻለሁ። ይህን ያህል ግን አልተደነቅሁም። ጠዋት በቀኝ፣ ከሰዓት በኋላ በግራ። ሳትሳሳት፣ ሳታማርር፣ አንዱን ከአንዱ ሳትቀላቅል። አልጋዬ ላይ ሆኜ መጽሐፍ የያዝኩ መስዬ እሷን አይ ነበር። ቁጣን ዋጥ አድርጎ ለልጅ «እሺ» ማለት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ የፈረስ አቋቋም አያሳይም።

በክረምቱ አገር ቤት ኢንተርኔት ተቋረጠ። በየቀኑ ትሞክራለች፤ ስክሪኑ ላይ የሚዞር ክብ ብቻ። በመጨረሻ ካርድ ሞልታ በመደበኛው ስልክ ደወለች። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ እህቷ ሁሉም ሰላም መሆኑን ከነገረቻት በኋላ ልጅቷ ቀረበች።

«ደህና ነዎት?»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። ካራቴ በድምፅ ብቻ አይታይ፤ እጅ አንሺ አይባል፤ የሚያዩት ሰውነት ሲጠፋ አጥሩ ተመልሶ ቆመ። «ደህና ነኝ የእኔ እመቤት፤ በላሽ?» አለች። «አዎ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ተባለች። ያን ቀን የደሴዋ እንኳ ቀልድ አላወጣችም።

በማግስቱ ጠዋት ግን ስነቃ ወለሉ ላይ ቆማ አገኘኋት። በግራ ነው የምትሠራው፤ የልጅቷን።

«ሐሙስ ይሁን ሰኞ መቼ እንደሚለቁት ምን ይታወቃል?» አለችኝ ሳልጠይቃት። «ሲለቁት ረስታዋለች እንዳትለኝ።»

መስመሩ ሲለቀቅ እኛ ተበታትነን ነበር። ጥበቃዋን ሌላ ሆቴል አጅማን ላይ ቀጠራት። የደሴዋ ሳሎን ተከፈተ፤ ደንበኞቿን ማስክ አድርጋ ታማቸዋለች። የደብረ ማርቆሷ ሻርጃ ሕፃን የምትይዝበት ቤት አገኘች፤ አዲሲቱ ማዳም አርብ ታሳርፋታለች። በዚህ አገር የሚቀደሰው በዕረፍት ቀን፣ አርብ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ገና ስላልተከፈተ ግን ጠዋታችን ባዶ ነበር። ስለዚህ አጅማን ኮርኒሽ በሚሉት የባሕር ዳርቻ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ አሸዋው ላይ እንገናኛለን። ጥበቃዋ ታስተምራለች፣ የደብረ ማርቆሷ ትሠራለች፣ የደሴዋ «ለፎቶ ነው የመጣሁት» እያለች ትሠራለች፣ እኔ ጫማቸውን እጠብቃለሁ። ጠዋት የሚራመዱ ሰዎች ቆም ብለው አይተውን ያልፋሉ።

ከልጅቷ ጋር ግን ነገሩ እንደ ድሮው አልሆነም። ቪዲዮው ቢመለስም ዓይን አፋርነቱ አብሮ ተመልሷል፤ አንድ ቀን አንቺ፣ አንድ ቀን እርስዎ። ሥራ ላይ ስለምትውል መደወሉም ተራርቋል። አሁንም የምትደውለው እናቲቱ ናት። በእነዚያ ሁሉ ወራት፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ እሷ የመጣ ጥሪ አልነበረም።

አገር ቤት ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ ነው፤ አንድ አርብ አሸዋው ላይ ካታዋ መሐል ላይ ሳለች ቦርሳዋ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ዕቃ ጠባቂ እኔ ነበርኩና አወጣሁት።

«ከባሕር ዳር ነው» አልኩ።

«እህቴ ትሆናለች። ምን ሆነው ይሆን?» ፊቷ ልውጥ አለ፤ ሮጣ መጣች። እጇ አሸዋ ስለነበረ ስልኩን እኔው ከፍቼ ያዝኩላት። ስክሪኑ ላይ ሙሉ ፊት ነው ያለው፤ የተቆጣ ሙሉ ፊት።

«አንቺ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን የእኔ እመቤት?»

«ቀኝና ግራውን!» ቃላቷ ይሯሯጡ ነበር። ማዕከሉ ተከፍቶ፣ አሠልጣኛቸው አንዲት አዲስ ልጅ እንድታስተምር ሰጥቷት፣ ፊት ለፊቷ ቆማ ብታሳያት አዲሷ ልጅ ሁሉንም ገልብጣ ሠራችው። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። አሠልጣኙ ተማሪ ፊት ቆሞ የሚያሳይ ሰው ራሱ መገልበጥ እንዳለበት አስረዳቸው። «ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ያን ቀን በቀኝ ስትሠሪ ትክክል ነበርሽ እኮ! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ስልኩን ትዘጊብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ልጅቷ ግን ስልኩን አልዘጋችም። ማዕበሉ አንድ ሁለቴ መጥቶ ተመለሰ። ጥበቃዋ እጆቿን አጣምራ ቆማ ነበር፤ ለወራት «በማስመሰል አይሆንም» ስትል የነበረችው እሷ፣ አሁን ወደ ውሃው ዞራ ዓይኗን ታሻለች።

«አንቺስ?» አለች እናቲቱ። ይህን ጥያቄ በግንቦት አካባቢም ጠይቃት «ዝም ብዬ» ተብላ ነበር። «አንቺስ ለምን ጀመርሽ?»

«ካራቴ?»

«አዎ።»

«ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ነው» አለች ልጅቷ። አሁን ድምፇ ዝቅ ብሏል፤ እኛም ሳናስበው ወደ ስልኩ ተጠጋን። «አንዲት ልጅ የቀለም እርሳሶቼን ወሰደችብኝ። ‹እናቴን እጠራልሻለሁ!› አልኳት። ሁሉም ልጅ እንደዚያ ይላል አይደል? ‹የት አለችና!› አለችኝ። ሁሉም ሳቁ።»

«እህቴን… አክስትሽንስ?»

«እማዬንማ ያውቋታል። አክስቷ ናት ይላሉ።» አፍንጫዋን ሳብ አደረገች። «ከዚያ የምጠራው ሰው ስለሌለኝ ራሴ ልማር ብዬ ማዕከሉ ሄድኩ።»

የደሴዋን አየኋት፤ ለሁሉም ነገር ቃል የማይጠፋት ልጅ በእግሯ ጣት አሸዋ ትቆፍራለች። የደብረ ማርቆሷ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ማልቀስ የሚገባት ሴት ናት፤ ስታለቅስም አይቻታለሁ። አላለቀሰችም። አሸዋውን ከእጇ አራገፈች፤ ስልኩን ከእጄ ወሰደች፤ ቅንድቧ ሲገጥም አየሁ።

«ያቺ ልጅ አሁንም አብራሽ ትማራለች?»

«አዎ። አጠገቤ ነው የምትቀመጠው።»

«እርሳሱን መለሰችልሽ?»

«አልመለሰችም።»

«የማን ልጅ ናት?»

ይህን ያለችበትን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ አገሬ ላይ በየአጥሩ ሥር የሰማሁት ድምፅ ነው። ልጇ የተነካባት እናት ነጠላዋን አጣፍታ ከቤት ስትወጣ የምታወጣው ድምፅ። ልጅቷም ያወቀችው ይመስለኛል፤ ባሕር ዳር ለእሷ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆ ባያውቅም። ፊቷ ወዲያው ተፈታ። ክስ እንዳላት ሕፃን ሁለት እጇን እያወናጨፈች ትነግራት ጀመር፤ የዚያችን ልጅ አባት ሥራ፣ የዚያችን ልጅ ታላቅ ወንድም፣ የዚያን ቀን ማን እንደሳቀና ማን እንዳልሳቀ።

እናቲቱ ስልኩን ፊቷ ላይ እንደያዘች በባዶ እግሯ በውሃው ዳር መራመድ ጀመረች። ጥበቃዋ ልትጠራት አፏን ከፍታ ተወችው። «ቆይ፣ ቆይ» ስትል ሰማናት እየራቀች፤ «እንዲህ አታሯሩጪው። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»